ድምፄ የጠፋበት ምክንያት

ለውድ እህቴ ለአልማዝ፤

እንደምን ከርመሻል? «ድምፅዋን አጠፋችብኝ» ብለሽ በሰው መላክሽን ሰምቻለሁ። አባባልሽ ቃል በቃል እውነት ነበር። በመስቀል ሰሞን ስትደውዪ ስልኩን አንስቼ «አቤት» ብል የወጣኝ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አንቺም «ሃሎ፣ ሃሎ» ብለሽ ዘጋሽው። መልእክት መጻፍ እየቻልኩ ዝም ማለቴ ግን ጥፋቴ ነው፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ያ የምታውቂው እንቅርቴ በቀኝ በኩል እየገፋ ስለመጣ ነሐሴ ላይ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ስነቃ ነርሷ ስሜን ብትጠይቀኝ መመለስ አቃተኝ፤ ውኃ ስጎነጭም ትን እያለኝ ተቸገርኩ። ቆይቶ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ሲያዩ፣ የግራው የድምፅ አውታር ሲከፈትና ሲዘጋ የቀኙ ማጠፊያው እንደ ዛገ መዝጊያ ባለበት ቆሞ ነበር።

ሐኪሙ በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ እየሣለ አስረዳኝ። አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አውታሮቹ ወዳሉበት ወደ ማንቁርት በቀጥታ አይሄድም፤ አንገትን አልፎ ደረት ድረስ ይወርድና፣ በግራ በኩል ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከሥር ዞሮ፣ በአየር ቧንቧው ጎን ከታይሮይድ ዕጢው (ሲያብጥ እንቅርት ከሚሆነው) ጀርባ ሽቅብ ይመለሳል። ተመላሽ ነርቭ የተባለውም ስለዚህ ነው። (የጥንቱ ሐኪም ጋለን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ነርቭ ቆርጦ የሚጮኽ አሳማ ዝም ማሰኘቱን አውቅ ነበር፤ ነገሩ እኔን ይመለከተኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።)

የእኔ የቀኙ ነርቭ አይመለስም። ገና በማኅፀን ሳለሁ የቀኝ ክንዴ ደም ቅዳ ከግራ በኩል ተነሥቶ በምግብ ቧንቧዬ ጀርባ ስላለፈ፣ ነርቩን ወደ ታች ስቦ የሚያስቀር ነገር አልነበረምና ከአንገት ወደ ጎን ታጥፎ ማንቁርት ገብቷል። እንዲህ ያለው አፈጣጠር በቀኝ በኩል ከ100 ሰው በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ይገኛል፤ በግራ በኩል ግን የውስጥ አካላቸው ግራና ቀኝ በተገለባበጠ ሰዎች ላይ ካልሆነ የለም ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ነርቩን በተለመደው ቦታ ሲፈልግ አጥቶት፣ በአግድም የተዘረጋ ነጭ ክር ቢያይ ደም ሥር መስሎት ሊያስረው እንደነበረ አልሸሸገኝም። አልተቆረጠም፤ ዕጢውን ሲያነሡት ግን ተለጥጧል። የግራው ጎን አለመነካቱ በጀኝ፤ ሁለቱም አውታሮች ቢቆሙ ኖሮ መናገር ቀርቶ መተንፈስም ያስቸግር ነበር።

ሐኪሙን አልቀየምኩትም። ቅር ያለኝ አስቀድሜ በፈረምኩበት ወረቀት ላይ ስለ ድምፅ የነበረው «ሊጎረንን ይችላል» የሚል አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ነው፤ በድምፅዋ ለምትኖር መምህርት ይህን ሁሉ ቀድመው ሊነግሯት ይገባ ነበር። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ ማሰማት ስላልቻልኩ ስንት ቀን ከሰፈሬ አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ! በኋላ በሳንቲም መስተዋቱን ማንኳኳት ለመድኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሰባተኛው ወር አንድ ጠዋት ክፍል ገብቼ «ተቀመጡ» ስል የመጨረሻው ወንበር ድረስ ተሰማ። ድምፄ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከዕጢው አናት አጠገብ የሚያልፈው ሌላ ቀጭን ነርቭም ሳይጎዳ አልቀረም፤ አውታሩን ወጥሮ ድምፅን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው፤ መንገዱም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለዓይን ያስቸግራል አሉኝ። ስለዚህ እናገራለሁ፣ አስተምራለሁ፤ ድምፄን ላቀጥን ስል ግን ይቆረጥብኛል።

ከፋሲካ በኋላ ለልጅሽ ሠርግ እመጣለሁ። እልልታውን ለእህቶችሽ ትቼ ጭብጨባውን እኔ እይዛለሁ። እሑድ ማታ ደውዪልኝ፤ አነሣለሁ።

እህትሽ