ካምቢዮ ሲቀየር ስለ ካርዳን ዘንግ፣ ስለ ዮክና ስለ ክሮቼራ አገጣጠም ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ የካርዳን ዘንግ ካምቢዮው ከታሰረ በኋላ ለብቻው የሚለካበትንና የሚሠራበትን ምክንያት ስለ መግለጽ

በመኪናችሁ ላይ ሌላ ዓይነት ካምቢዮ ለማስገጠም ስትመጡ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁን ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ይገጥም እንደ ሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ይስማማው እንደ ሆነና የማርሽ ዱላው በቦታው ይወጣ እንደ ሆነ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ከካምቢዮው ጀርባ ተነሥቶ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የሚሄደው የካርዳን ዘንግ፣ በጫፎቹ ያሉት ዮኮችና የሚታጠፉት ክሮቼራዎች ብዙ ጊዜ የሚታወሱት መኪናው መንገድ ወጥቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው የካርዳኑን ሥራ በማዘዣችን ላይ ለብቻው የምናሰፍረው፣ ዘንጉንም ካምቢዮው ከመግባቱ በፊት ለማሳጠር ወይም ለማስረዘም ፈቃደኛ የማንሆነው ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ዮክ የምንለው ሁለት ጆሮ ያለውን፣ ክሮቼራውን ግራና ቀኝ የሚይዘውን የብረት ሹካ ነው። ክሮቼራው ደግሞ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ብረት ሲሆን፣ በአራቱ ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን መርፌዎች በውስጣቸው የተደረደሩባቸው ኩባያዎች ይገቡበታል። በብዙ መኪኖች ላይ የፊተኛው ዮክ በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ጥርሶች ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የኋላ አክስል ባሌስትራው ወይም ሞላው በተጨመቀና በተለቀቀ ቁጥር ከካምቢዮው ስለሚርቅና ስለሚቀርብ፣ ይህ መንሸራተት ባይኖር ኖሮ ዘንጉ ወይ ይላቀቃል ወይ ካምቢዮውን ከኋላው ይገፋል።

በመጀመሪያ የምናየው ጥርሱን ነው። በውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ካምቢዮዎች የመውጫ ዘንጋቸው የጥርስ ብዛት የተለያየ ሊሆን ይችላል። የጄኔራል ሞተርስ ቲኤች 350 መውጫ ዘንግ 27 ጥርስ ሲኖረው የቲኤች 400 ግን 32 ነው፤ በፎርድም በኩል ሲ4 28፣ ሲ6 ደግሞ 31 ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ የነበረው ዮክ ጨርሶ አይገባም። ጥርሱ ቢስማማ እንኳ የዮኩ የውጭ ስፋት መለካት አለበት፤ ምክንያቱም ያ ለስላሳ የውጭ ገጽ በካምቢዮው ጅራት ውስጥ ባለው ቡሽ (የዘንግ ማረፊያ ቀለበት) ላይ የሚያርፍና የፓራኦሊዮው፣ ይኸውም የዘይት ማገጃው ጎማ፣ ከንፈር የሚነካው ገጽ ነው። ጠባብ ከሆነ ይንገዋለላል፤ ጭረት ካለበት ደግሞ አዲስ ፓራኦሊዮ ቢገባም ዘይት ማንጠባጠቡን አያቆምም። በዚህ ምክንያት ያረጀ ዮክ ይዛችሁልን ስትመጡ ገጹን በጥፍር ዳስሰን ጭረት ከተሰማን አንገጥመውም።

ቀጥሎ የክሮቼራው መጠን ይመጣል። አዲሱ የፊት ዮክ አንድ መጠን፣ የዘንጉ ጫፍ ሌላ መጠን ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ስፓይሰር በተባለው የካርዳን ክፍሎች አምራች አቆጣጠር 1310 እና 1330 የሚባሉት ክሮቼራዎች የኩባያቸው ስፋት እኩል፣ ይኸውም 27 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከኩባያ ጫፍ እስከ ኩባያ ጫፍ ያለው ርዝመታቸው ግን 82 እና 92 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 1350 የሚባለው በበኩሉ ርዝመቱ ከ1330 ጋር እኩል ሆኖ ኩባያው ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል፤ እኛ ሁለቱንም ልኬቶች በካሊፐር ወስደን እንመዘግባለን። ሁለት መጠኖችን የሚያገናኙ፣ በአንዱ መስመር ትንሽ በሌላው ትልቅ የሆኑ ክሮቼራዎች በፋብሪካ ተሠርተው ይገኛሉ፤ የምንጠቀመውም እነሱን እንጂ ተቆርጦ የተሞረደ ኩባያ ወይም በቆርቆሮ የተሞላ ዮክ አይደለም።

የትኛው መጠን ይበቃል የሚለውን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ክሮቼራው የሚሸከመው የሞተሩን ጉልበት በካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ተባዝቶ ነው። 300 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ) የሚሰጥ ሞተር አንደኛው ማርሽ 3 ለ 1 በሆነ ካምቢዮ በኩል ለዘንጉ 900 ያህል ያደርሳል፤ አንደኛው ማርሽ 4 ለ 1 የሆነ ካምቢዮ ሲገባ ሞተሩ ሳይነካ ያው ጉልበት 1200 ይሆናል። ብዙ ጭነት የምትጭኑ ወይም ዳገት የምትወጡ ደንበኞቻችን ክሮቼራውን ከፍ ወዳለ መጠን እንድትቀይሩ የምንመክረው በዚህ ስሌት ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ ደጋግመን የምንሰማው ግምት አለ፤ ተጨማሪ ከፍተኛ ማርሽ ያለው ካምቢዮ ሲገባ ካርዳኑም ቀስ ብሎ ይዞራል የሚል። ቀስ ብሎ የሚዞረው ሞተሩ ነው። ካርዳኑ ከጎማው ጋር በዲፈረንሻሉ በኩል የተያያዘ ስለ ሆነ ፍጥነቱን የሚወስኑት የመኪናው ፍጥነት፣ የጎማው ዙሪያና የዲፈረንሻሉ ጥርስ ብቻ ናቸው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ለ 1 ቢሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ዘንጉ በደቂቃ 3400 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ካምቢዮው የፈለገው ማርሽ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ። አንዳንድ ደንበኞቻችን የድሮውንና የአዲሱን ካምቢዮ ርዝመት በማነጻጸር ልዩነቱን ብቻ ከዘንጉ ላይ እንድንቆርጥ ይጠይቁናል። በወረቀት ላይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የካምቢዮው ተሸካሚ ብረት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊሄድ፣ ካምቢዮው የሚያርፍበት ጎማ ሱፖርት ከፍ ሊል፣ የአዲሱ ዮክ አንገትም ከድሮው ሊረዝም ይችላል፤ እነዚህ ትንንሽ ልዩነቶች ተደምረው ዮኩ ሊንሸራተትበት የሚገባውን ክፍተት ይጨርሱታል። ስለዚህ ካምቢዮው በራሱ ሱፖርት ላይ ሙሉ በሙሉ ከታሰረ በኋላ፣ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ክብደቱን እንዳሳረፈ እንለካለን፤ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሲለካ ያለው ርቀትና መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ያለው ርቀት አንድ አይደሉም። ዮኩን እስከ መጨረሻው ከገፋነው በኋላ ከ19 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እንስበውና ከፊተኛው ክሮቼራ መካከል እስከ ኋለኛው ክሮቼራ መካከል ያለውን ርቀት እንወስዳለን። ዘንጉ የሚቆረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ አክስሉ ሲነሣ ዮኩ ከካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ ከሰፋ ደግሞ ጥቂት ጥርሶች ብቻ ተያይዘው ይቀራሉ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምንሰጠው ለማዕዘኑ ነው፤ እናንተም ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ብትዘነጉ ይህን ብትይዙልን ደስ ይለናል። አንድ ክሮቼራ ታጥፎ ሲዞር የሚገባበት ፍጥነት ወጥ ቢሆን እንኳ የሚወጣው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይጨምራል፣ ሁለት ጊዜም ይቀንሳል። መለዋወጡ በ3 ዲግሪ ማዕዘን ላይ ከ0.2 በመቶ ያነሰ ነው፤ በ10 ዲግሪ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 1.5 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ በ20 ዲግሪ ላይ 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኋለኛው ክሮቼራ ይህን መለዋወጥ መልሶ የሚያጠፋው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ አንደኛ የሁለቱ ክሮቼራዎች ማዕዘን እኩል ሲሆን፣ ሁለተኛ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት ዮኮች ጆሮዎቻቸው በአንድ መስመር ሲያርፉ ነው። ይህ ቢሟላም እንኳ በሁለቱ ክሮቼራዎች መካከል ያለው ዘንግ ራሱ መፍጠንና መዘግየቱን ስለማይተው፣ ማዕዘኖቹ እኩል መሆናቸው ብቻ ሳይሆን ትንሽ መሆናቸውም ያስፈልጋል። ለአንድ ክሮቼራ ከግማሽ እስከ 3 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ እናደርጋለን። ከግማሽ ዲግሪ በታች መውረዱም አይጠቅምም፤ መርፌዎቹ ሳይንቀሳቀሱ በአንድ ቦታ ላይ ሲመቱ በክሮቼራው ጫፍ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉና።

አሠራሩን በምሳሌ ብናሳይ ይሻላል። ካምቢዮው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዘቀ፣ ዘንጉ ደግሞ 5 ዲግሪ ያዘቀዘቀ ቢሆን የፊተኛው ክሮቼራ ማዕዘን 2 ዲግሪ ነው። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ 3 ዲግሪ ወደ ላይ ቢያይ ከካምቢዮው ጋር ትይዩ ይሆንና የኋለኛውም ማዕዘን 2 ዲግሪ ይሆናል። አሁን አዲሱ ሱፖርት የካምቢዮውን ጅራት አንሥቶት ካምቢዮው 1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘቀዝቅ፣ የዘንጉ ፊት ከፍ ስለሚል ዘንጉ 5.5 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የፊተኛው 4.5፣ የኋለኛው 2.5 ይሆናል። ካምቢዮው ያለ ችግር ገብቷል፣ ማርሹም ይገባል፤ መኪናው ግን በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ክሮቼራ መቀያየር ሳይሆን ጅራቱን ዝቅ ማድረግ ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ሽብልቅ ብረት ማስገባት ነው። ባሌስትራ ባላቸው መኪኖች ላይ ነዳጅ ሲሰጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ቆሞ ሲለካ 1 ወይም 2 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገን እንተወዋለን።

የዮኮቹ መስመር በአብዛኛው በብየዳ የተወሰነ ስለ ሆነ የሚያሳስበው ዘንጉ ከመካከሉ የሚነጣጠል ሲሆን ነው። እንዲህ ያለውን ዘንግ ስንፈታ በሁለቱም ክፍሎች ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ አንድ ጥርስ ብቻ ዘልሎ ቢገባ ኋለኛው ክሮቼራ የፍጥነቱን መለዋወጥ መልሶ ማጥፋቱ ይበላሻልና። እናንተም ራሳችሁ ፈትታችሁ የምታመጡ ከሆነ ምልክት ሳታደርጉ እንዳትለያዩት እንለምናለን።

ክሮቼራውን ማስገባት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ኩባያዎቹን በሞርሳ ወይም በፕሬስ በቀጥታ እየገፋን እናስገባለን እንጂ በመዶሻ አንመታም። ኩባያው የሴገሩ (ኩባያውን እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ጎድጓዳ እስኪታይ ድረስ ካልገባ ምናልባት አንዲት መርፌ ወድቃ ከሥሩ ተጋድማለች፤ ያኔ አውጥቶ በግራሶ መልሶ መደርደር እንጂ ማስገደድ አይገባም። ሴገሮቹ ከተቀመጡ በኋላ የዮኩን ጆሮ ቀለል አድርገን መታ መታ በማድረግ ኩባያዎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ከሴገሮቹ ጋር እንዲገጥሙ እናደርጋለን፤ ክሮቼራው በአራቱም አቅጣጫ በእጅ ያለ መጨናነቅ መታጠፍ አለበት። ግራሶ የሚቀበል ከሆነ በአራቱም ከንፈሮች እስኪወጣ እንሞላለን። የኋለኛው ክሮቼራ በዩ ቅርጽ ቡሎን ወይም በማሰሪያ የሚታሰር ሲሆን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ በፋብሪካው ልክ እናጠብቀዋለን፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ማሰሪያ ኩባያውን ያጣምመዋል፣ የተጣመመ ኩባያም መርፌዎቹን ይበላል።

የዲፈረንሻሉን ዮክ መቀየር ካስፈለገ ሥራው ከሚታየው ይከብዳል። የፒኞኑ፣ ይኸውም ዮኩ የሚታሰርበት የዲፈረንሻሉ መግቢያ ጥርስ ዘንግ፣ ዳዶ በብዙ ዲፈረንሻሎች ላይ ዮኩን ብቻ አይይዝም፤ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችውን ሲጠብቅ የምትጨመደድ ቱቦ በመጫን የኩሽኔታዎቹንም ጥብቀት ይወስናል። ዳዶውን በአየር ቁልፍ አጥብቆ መተው ኩሽኔታዎቹን በአጭር ጊዜ ያቃጥላል። እኛ ከመፍታታችን በፊት ፒኞኑን ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት ለክተን እናስቀምጣለን፤ ስንመልሰውም በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቅን ደጋግመን እንለካለን። በዚህ ምክንያት ይህ ክፍል ከምትጠብቁት የበለጠ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ርዝመቱ የተለወጠ ዘንግ ሁሉ እንደ ገና ባላንስ ይደረጋል፣ ማለትም ክብደቱ በዙሪያው እኩል እንዲሆን ይስተካከላል፤ በዚህ ላይ አንደራደርም። አዲሱ ካምቢዮ ከድሮው አጭር ሆኖ ዘንጉ የሚረዝም ከሆነ ሌላም ጉዳይ አለ፤ ዘንግ በረዘመ ቁጥር መርገብገብ የሚጀምርበት ፍጥነት በርዝመቱ ካሬ ልክ ይወርዳል። በ10 በመቶ የረዘመ ዘንግ ይህ ወሰኑ በ17 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። እንዲህ ሲያጋጥም ሰፊ ቱቦ ወይም በመካከሉ ኩሽኔታ ያለው ሁለት ክፍል ዘንግ እንድትመርጡ እንጠይቃለን።

መኪናችሁን ከተረከባችሁ በኋላ የሚሰማችሁን ነገር በትክክል ብትነግሩን ምክንያቱን ለማግኘት ይረዳናል። ከመኪናው ፍጥነት ጋር እየጨመረ በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር አንድ ጊዜ የሚመታ ንዝረት የባላንስ ጉድለትን፣ በዙር ሁለት ጊዜ የሚመታና ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ጠባዩን የሚለውጥ ደግሞ ማዕዘንን ያመለክታል። ከቆመበት ሲነሣ የሚሰማ ጓ የሚል ድምፅ የላላ ክሮቼራን ወይም ማሰሪያን፣ በዝግታ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ግራሶ የጨረሱ መርፌዎችን ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ድምፅ ሲሰማችሁ ሳትዘገዩ አሳዩን፤ የፊተኛው ክሮቼራ ተሰብሮ ዘንጉ ወደ መሬት ቢወርድ አደጋው ከባድ ነው።

ስለዚህ ለካምቢዮ ቅየራ ቀጠሮ ስትይዙ የድሮውን ዘንግ ከነዮኮቹ እንድታመጡ፣ መኪናው በተለመደው የጭነት ሁኔታው እንዲመጣ፣ ባሌስትራ ወይም ጎማ ለመቀየር ካሰባችሁም ያ ሥራ ከካርዳኑ ልኬት በፊት እንዲያልቅ እንጠይቃለን። ሥራው ካለቀ በኋላም ከ500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ተመልሳችሁ ማሰሪያዎቹንና የካምቢዮውን ሱፖርት እንድናይላችሁ በትሕትና እናሳስባለን፤ የማዕዘኖቹ ልኬት በማዘዣችሁ ቅጂ ላይ ስለሚሰፍር ያን ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የካምቢዮና የካርዳን ዘንግ ሥራ ክፍል