መቅሉባ ሲገለበጥ እንዳይፈርስ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በረመዳን የምግብ ዓምዳችሁ ከሳምቡሳና ከሾርባ ሌላ የፍልስጤማውያንን መቅሉባ፣ ማለትም ድስት ውስጥ ተደርድሮ ከበሰለ በኋላ ትሪ ላይ የሚገለበጠውን የሩዝ ምግብ፣ ብታካትቱ ደስ ይለናል። ስሙ በዓረብኛ «የተገለበጠ» ማለት ነው፤ ብዙዎች የሚቸገሩትም ሲገለብጡት ነው።

ለ6 ሰው 3 ኩባያ ባስማቲ ሩዝ፣ 1 ዶሮና 2 ትልልቅ ደበርጃን ይበቃል። ደበርጃኑን በጣት ውፍረት ቆርጦ ጨው መነስነስ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃውን በጨርቅ አድርቆ መጥበስ ነው። እርጥቡን ከጠበሱት ውስጡ የቀረው ውሃ ኋላ ሩዙን ገንፎ ያስመስለዋል። ዶሮውን በሽንኩርት፣ በቀረፋ፣ በቁንዶ በርበሬና በሄል ቀቅሎ መረቁን ማጥለል ያስፈልጋል። በሄል ፈንታ ኮረሪማ አንመክርም፤ ጠረኑ ሌላውን ይውጠዋል። ቅመሙን መርካቶ ታገኙታላችሁ።

ድስቱ ሥር በክብ የተቆረጠ ቲማቲም፣ ከዚያ ደበርጃኑ፣ ዶሮው፣ ከላይ ግማሽ ሰዓት ተዘፍዝፎ የጠለለው ሩዝ ይደረደራል። ትኩስ መረቅ 4 ኩባያ ተኩል ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሩዙ ይዘገያል። ያኔ ብዙዎች መረቅ ይጨምራሉ፣ ስህተቱም ይኸው ነው! ክዳኑን በደንብ ገጥሞ በዝቅተኛ እሳት 35 ደቂቃ መታገስ ይሻላል።

ከመግሪብ (ጾም ከሚፈታበት የፀሐይ መጥለቂያ ሶላት) 20 ደቂቃ በፊት አውርዱት። 15 ደቂቃ ካላረፈ ይፈርሳል። ሰፊ ትሪ ደፍታችሁ በአንድ ጊዜ ገልብጡ፣ የድስቱን ቂጥ መታ መታ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ከእርጎና ከኪያር ሰላጣ ጋር ይቀርባል።

የምግብ ዝግጅት ባለሙያዎች፣ ከፒያሳ