ለወዳጄ፦ ኮዱን ወደ ሞጁል ከማዞርህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ከተጻጻፍን እጅግ ብዙ ጊዜ ሆነን፤ ዝምታው ከመራራቅ እንጂ ከመረሳሳት የመጣ እንዳልሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ምክንያት በመደርደር አላደክምህም። ብዕር ያነሣሁት ቡድናችሁ የቴራፎርም ኮዱን (ሰርቨርና ኔትወርክን የመሳሰለውን መሠረተ ልማት በጽሑፍ የሚገልጸውን) ወደ ሞጁል፣ ማለትም ተደጋግሞ ወደሚጠራ የኮድ ጥቅል፣ ለማዞር መነሣቱንና ሥራውም በአንተ ላይ መውደቁን ከጋራ ወዳጃችን ሰምቼ ነው። በዚህ ጉዳይ የማምንበትን ገና ሳትጀምረው ልነግርህ ወደድሁ።

ያነሣሣህ ምክንያት አይጠፋኝም። ለልማት፣ ለሙከራና ለዋናው አገልግሎት ሦስት አቃፊዎች ይከፈቱና አንዱ ከሌላው እየተገለበጠ ይሞላል፤ ከዚያ በአንዱ የተዘጋ ፖርት በሌላው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ በአንዱ የተስተካከለ ቅንብር በሌላው እንደ ነበረ ይቆያል፣ በመጨረሻም ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን የተዘነጋ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ሞጁል ይህን ያስቀራል። ሆኖም መደጋገምን ማስቀረት ብቻውን ሞጁል ለመጻፍ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አላምንም።

ለእኔ ሞጁል ማለት ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። የዳታቤዝ ሞጁል ስትጽፍ፣ ዳታው ሁልጊዜ እንዲመሰጠር፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት፣ መጠባበቂያ ቅጂው እንዳይቋረጥ የሚያደርጉት ቅንብሮች ውስጡ ተጽፈው ይለቁ፤ ለተጠቃሚው የሚቀሩለት ስሙ፣ መጠኑና የሚያርፍበት ኔትወርክ ብቻ ይሁኑ። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ከሥሩ ያለው ሪሶርስ (ቴራፎርም የሚፈጥረው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ዳታቤዙ) የሚቀበለውን ቅንብር ሁሉ አንድ በአንድ ቫሪያብል፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚሞላው ዋጋ፣ አድርጎ ተቀብሎ መልሶ የሚያቀብል ሞጁል። እንዲህ ያለው ሞጁል ምንም አልወሰነም፤ ተጠቃሚው ሪሶርሱን ማወቁ ሳይቀርለት የሞጁሉንም ስሞች እንዲያጠና ያስገድደዋል፣ ፕሮቫይደሩ (ቴራፎርምን ከደመና አገልግሎቱ ጋር የሚያገናኘው ተሰኪ) አዲስ ቅንብር ባወጣ ቁጥርም መነካካት ይፈልጋል። የቴራፎርም መመሪያ ራሱ አንድን ሪሶርስ ብቻ የሚጠቀልል ሞጁል እንዳንጽፍ ይመክራል፤ እኔም ከልቤ እስማማበታለሁ። ስለዚህ ቫሪያብል ጨምርልን የሚል ሲመጣ፣ ይህን ዛሬ የሚለውጠው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ነባሪ ዋጋ (ተጠቃሚው ካልሞላው የሚወሰድ) ያለውን ቫሪያብል ነገ ብትጨምር ማንም አይጎዳም፤ የሰጠኸውን መልሰህ ብታነሣ ግን የሚጠቀምበት ሁሉ ይሰበርበታል።

ሞጁል በሞጁል ውስጥ መደራረብንም አልወድም። የዳታቤዙ ሞጁል ኔትወርኩን ራሱ እንዲፈጥር አታድርግ፤ የኔትወርኩ ሞጁል መለያውን በአውትፑት (ወደ ውጭ በሚሰጠው ዋጋ) ያውጣ፣ ሞጁሎቹን የሚጠራው ዋናው አቃፊ ደግሞ ተቀብሎ ለዳታቤዙ ያቀብል። ያን ጊዜ ማን በማን ላይ እንደቆመ ከአንድ ገጽ ይነበባል። የፕሮቫይደር ቅንብርም በዋናው አቃፊ ይቅር። ቴራፎርም ከ0.13 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ፣ አንድን ሞጁል በፎር-ኢች (በስም ዝርዝር) ማባዛት ይፈቅዳል፤ የራሱን ፕሮቫይደር በውስጡ የያዘ ሞጁል ግን ከዚህ ዕድል ውጭ ነው።

ስለ ቨርዥን ብዙ አልልህም፤ ከጊት (ከኮድ ማከማቻው) የምትጠራውን ሞጁል በታግ፣ ማለትም በቨርዥን ምልክት፣ እሰረው እንጂ በየጊዜው የሚለዋወጠውን ዋናውን ብራንች አታስከትለው። አንድ ነገር ግን ብዙዎችን ስለሚያሳስት ልብ በል፦ ቴራፎርም የሚጽፈው የመቆለፊያ ፋይል የሚቆልፈው ፕሮቫይደሮችን ብቻ ነው። የሞጁሉን ቨርዥን አንተው ካልጻፍኸው የሚጠብቅልህ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የነበረውን ወደ አዲሱ ማሻገሩ ነው። ቴራፎርም እያንዳንዱን ሪሶርስ በስቴት ፋይሉ (የፈጠረውን በሚመዘግብበት) ውስጥ የሚያውቀው በአድራሻው ነው። በዋናው አቃፊ የነበረው ዳታቤዝ ወደ ሞጁል ሲገባ አድራሻው ላይ የሞጁሉ ስም ይቀደምበታል፤ ለእኛ ያው ዳታቤዝ ነው፣ ለቴራፎርም ግን አሮጌው ጠፍቶ አዲስ መጥቷል። ፕላኑ (ለውጡ ከመፈጸሙ በፊት የሚታየው ዝርዝር) አንድ ይፈጠራል፣ አንድ ይፈርሳል ይልሃል፤ የሚፈርሰውም ደንበኞቻችሁ ዳታቸውን ያስቀመጡበት ነው። ቀድሞ ይህ የሚስተካከለው ስቴቱን በእጅ በማንቀሳቀስ ነበር፤ በ2021 ከወጣው 1.1 ወዲህ ግን ሙቭድ የሚባል ብሎክ አለ። የድሮውን አድራሻና አዲሱን በኮዱ ውስጥ ትጽፋለህ፣ ባልደረቦችህም እንደ ማንኛውም ለውጥ አይተው ያጸድቁታል። በዚያው ስቴት ውስጥ ብቻ እንደሚሠራ አትዘንጋ። ካሸጋገርህ በኋላም ለመሰረዝ አትቸኩል፤ ከአሮጌው የሞጁል ቨርዥን ዘግይቶ የሚመጣ ቡድን ያስፈልገዋል።

በዚሁ ሳለህ ካውንት (በቁጥር ማባዣው) ያሉባቸውን ቦታዎች መርምር። ሦስት ንዑስ ኔትወርኮች በካውንት ከተፈጠሩ መለያቸው 0፣ 1 እና 2 ነው። የመጀመሪያውን ከዝርዝሩ ብታወጣ የቀሩት ሁለቱ ወደ 0 እና 1 ይሸጋሸጋሉ፤ የንዑስ ኔትወርክ የአድራሻ ክልል ደግሞ በቦታው ሳለ ስለማይቀየር፣ አንዱን ለማንሣት ብለህ ሦስቱንም ለማፍረስ የተዘጋጀ ፕላን ይመጣብሃል። በፎር-ኢች እያንዳንዱ በራሱ ስም ስለሚታወቅ የአንዱ መውጣት ሌላውን አይነካም። እኔ ካውንትን የማስቀረው አንድን ነገር ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ ነው።

ቴራፎርምን የሠራው ሀሺኮርፕ በነሐሴ ወር 2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የአጠቃቀም ፈቃዱን ከለወጠ በኋላ ኦፕን ቶፉ የተባለው ክፍት ቅጂ ተለይቶ መውጣቱን ታውቃለህ፤ ቡድናችሁ የትኛውንም ቢመርጥ እስካሁን ያልሁህ በሁለቱም ይሠራል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንህ። ከሙከራው አቃፊ ጀምርና፣ በዚያ ከተረጋጋ በኋላ ወደ ዋናው አገልግሎት ስትሻገር የፕላኑን የመጨረሻ መስመር ተመልከት፤ የሚጨመር 0፣ የሚቀየር 0፣ የሚፈርስ 0 ካላለ አፕላይ አታድርግ (አታስፈጽመው)። ያላሰብኸው ቁጥር ከታየህ፣ ምሥጢራዊ የሆኑትን ዋጋዎች አውጥተህ ፕላኑን ላክልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት ቢሆን አብሬህ መስመር በመስመር አነበዋለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ