ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፦ ታንኳዋን ከሠሪዎቿ አትለዩዋት

እንደምን ከረማችሁ። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የምጽፍላችሁም አንድ ጠዋት ያየሁት ነገር አላስተኛ ብሎኝ ነው።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር ላይ አንድ አባት ታንኳ እያሰሩ ነበር። ታንኳዋ የምትሠራበት ደንገል፣ ያ ውኃ ዳር የሚበቅለው ሸንበቆ መሰል ተክል፣ ተቆርጦ፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ገለባ መስሏል። እስሩን በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን በሙሉ አቅማቸው ይስባሉ፤ ትንሽ ያርፉና ደግሞ ይስባሉ። የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ላይ ሲያጥፉ በምንም አልለኩም፣ እጃቸው ያውቀዋል። «ስንት ጊዜ ታገለግላለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ካደረቅሃት ትቆያለች። ውኃ ላይ ካሳደርሃት ግን ትበሰብስብሃለች» አሉኝ።

ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ገባሁ። ያቺኑ ታንኳ በሆቴል ግድግዳ፣ በቲሸርት፣ በፖስትካርድ ላይ አየኋት። ታንኳዋን ማን እንደሚሠራት የሚናገር አንድ መስመር ግን በሄድኩበት ሁሉ ፈልጌ አጣሁ።

የሚሠሯት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። «ወይጦ» የሚለው ቃል ለስንት ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወርባቸው ስለኖረ ብዙዎቹ «ነገደ» መባልን ይመርጣሉ። ባሕር ዳር ፋብሪካና ኮሌጅ ያላት ከተማ ከመሆኗ በፊት እዚህ ዳር ነበሩ። ኑሯቸው ውኃው ነው፦ ዓሣ፣ ደንገል፣ ታንኳ። ሴቶቹ ስፌት ይሰፋሉ፣ ወንዶቹ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ። ውኃው የማንም ስላልነበረ በስማቸው የተጻፈ መሬት አልነበራቸውም። ከተማዋ በሰፋች ቁጥርም ገፋ በሉ የሚባሉት እነሱ ሆኑ።

ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። አለንጋን «ጉማሬ» የምንለው ከቆዳው ስለሚሠራ ነው፣ ያን ቆዳ ከውኃ የሚያወጡት ደግሞ እነሱ ነበሩ። አለንጋውን ሁሉም ፈልጎታል። ሥጋውን በመብላታቸው ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አራቃቸው፣ እነሱ ራሳቸው ሙስሊሞች ሆነው ሳለ። አደኑ ቀርቷል፣ መገለሉ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቋንቋቸው ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 አካባቢ በዚህ ሲያልፍ ቋንቋቸው ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ነው ብሎ ጽፏል። ብሩስ አማርኛ ያውቅ ነበር። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣና ሊጠይቃቸው ሞከረ፣ ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲያስፈራሯቸው እንኳ መልስ አልሰጡም። በገዛ ውኃቸው ዳር ከሚኖሩበት ተጠርተው፣ በማይገባቸው ቋንቋ እየተጠየቁ፣ ከፊታቸው ገመድ ሲታያቸው ምን ብለው ይመልሱ? እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ኦይገን ሚትቮህ ስለ እነሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። 140 ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ አንድ ቋንቋ ማንም ሳይመዘግበው አለቀ።

ቋንቋውን አሁን መመለስ አንችልም። የእጅ ሙያው ግን አለ፣ አዋቂዎቹም በሕይወት አሉ።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ጀልባዋን ግብፅ ውስጥ፣ ፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች አሰሯት። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ተበላሸች። በዓመቱ ሌላ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሳና በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ፣ የሷም ደንገል የኢትዮጵያ ነበር። ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ለማመን ተቸግሬ ነበር። የኛ ልጆች ስንቶቹ ያውቁታል?

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ይህ ዳር ብዙ ነገር አይቷል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ውኃው ተገደበ፣ በ2002 ዓ.ም. የበለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፣ ቀጥሎ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም መጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ድልድዩ ያምራል፣ እኔም ቤተሰቤን ይዤ ሄጄ ፎቶ ተነስቼበታለሁ። ነገር ግን ዳርቻው ባማረ ቁጥር ቦታው እንደሚፈለግ ግልጽ ነው። የነገደ ሰዎች ይዞታ ማረጋገጫ ሳይኖራቸው ልማቱ ከቀደመ መሄጃ አይኖራቸውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የዳርቻው ልማት ወደ መኖሪያቸው ከመድረሱ በፊት ይዞታቸውን በስማቸው አስመዝግቡላቸው። ደንገሉ የሚበቅልበትን አንድ ቦታ ከሣር ማጨድም ከግንባታም ከልሉ፣ ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። አዛውንቶቹን ቁጭ አድርጎ የሚቀዳ ሰው መድቡ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ነፋሱ፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡበትን መንገድ ይጠይቃቸው። ዩኒቨርሲቲው አጠገባችሁ ነው፣ ተማሪዎቹ በደስታ ይሠሩታል ብዬ አምናለሁ። ሰሌዳ ስታቆሙ ደግሞ ከታንኳው ሥዕል ሥር የሠሪዎቹን ስም ጻፉ። እንዴት መጠራት እንደሚፈልጉ ከመጻፋችሁ በፊት ራሳቸውን ጠይቋቸው።

ያየኋቸው አባት ዕድሜያቸው ገፍቷል። አጠገባቸው አንድ ልጅ ገመድ እያቀበላቸው ነበር፣ ማሰሩን ግን ገና አልጀመረም። ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ብትመጡ እዚያው ዳር ታገኟቸዋላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የከተማችሁ ነዋሪ