የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ 12 ሽቦ በ1.5 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ

በዓመቱ መጀመሪያ የወላጆች ስብሰባ ላይ የክበባችንን እቅድ ስናቀርብ፣ አንድ አባት «ስልክ እየከለከላችሁ ስለ ስልክ ልታስተምሩ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በጊዜ እጥረት ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ። ክበባችን ስልክ መነካካትን አያስተምርም። ዘንድሮ የሠራነው የንክኪ ስክሪን ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም በጥቁሩ ጠርዝ ሥር ተደብቆ የሚያልፈው ሽቦ እንዴት እንደሚዘረጋ መርምረን በእጃችን መሥራት ነው። በምን ያህል ጥቂት መሣሪያ እንደሠራን ትምህርት ቤታችንን የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል።

የንክኪ ስክሪን ከመስታወቱ ሥር በአግድምና በቁመት የተዘረጉ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መስመሮች አሉት። ጣት ሲጠጋ ሁለቱ መስመሮች በሚተላለፉበት ነጥብ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ (ሙል) ይለወጣል፤ መቆጣጠሪያው ያንን ለውጥ ለክቶ ጣቱ የት እንዳረፈ ይለያል። 12 አግድምና 8 ቋሚ መስመሮች 96 ነጥብ ይሰጣሉ፤ የሚያስፈልገው ሽቦ ግን 20 ብቻ ነው። ጭንቁ የሚመጣው አግድሞቹ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው በጎን ወጥተው፣ በጠርዙ ወርደው፣ ከታች ካለው መቆጣጠሪያ መድረስ አለባቸው። ጠርዙ በጠበበ ቁጥር ሽቦው ይቀጥናል፣ ይጠጋጋልም። ሲቀጥን ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚቋቋምበት መጠን፣ ይጨምራል፤ ሲጠጋጋ የአንዱ ምልክት ወደ ጎረቤቱ ያልፋል።

ልጆቹ የመረጡት የፋሲል ግቢን ሥዕል ነው፤ ጣት ያረፈበት ግንብ ስም በትንሽ ማሳያ ላይ እንዲወጣ። ከመስታወቱ ሥር ሥዕሉን፣ ከሥዕሉ ሥር ከምግብ መጠቅለያ ፎይል የተቆረጡ መስመሮችን አደረግን። ሽቦውን ከተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈታነው። ፍሬሙ ከዕቃ ቤት የተገኘ የድሮ የፎቶ ፍሬም ሲሆን ጠርዙ 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምልክቱ እንዳይደባለቅ ለእያንዳንዱ ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ስንሰጥ፣ 12ቱ 2.4 ሳንቲ ሜትር ጠየቁ። አልገባም።

አብዛኞቹ ሰፊ ፍሬም ይፈለግ አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ስድስቱን በግራ፣ ስድስቱን በቀኝ የሚያወርድ ንድፍ አመጣች። በየጎኑ 1.2 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከፍ ያሉት ተማሪዎች «ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም» ብለው አለፉት። አልተከራከረችም፤ ንድፏን ግን አጥፋ ከደብተሯ ውስጥ አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ነው ፒያሳ ወደሚገኝ የስልክ ጥገና ሱቅ የወረድነው። ባለሙያው ሥራውን አቁሞ ተቀበለን። የተሰነጠቀ የንክኪ መስታወት በጀርባው ገልብጦ በማይክሮስኮፑ ሥር አደረገና መጀመሪያ ስለ ተጣጣፊው ገመድ፣ እነሱ ፍሌክስ ስለሚሉት፣ አስረዳን። ፍሌክሱ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘው በብየዳ አይደለም። ጥቃቅን አስተላላፊ ቅንጣቶች ባሉበት ተለጣፊ ፊልም፣ በሙቀትና በግፊት ተጭኖ ነው። ፊልሙ ኤሌክትሪክን ከላይ ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ ወደ ጎን አያሳልፍም፤ ስለዚህ እጅግ የተቀራረቡ መስመሮች ሳይነካኩ ይገናኛሉ። «አንዴ ከለቀቀ በመበየጃ አይመለስም» አለ።

ተማሪዎቹ በየተራ አዩ። ንድፉን ያመጣችው ተማሪ ተራ ሲደርስ ባለሙያው «ነይ እስኪ እህቴ፣ አንቺም እይው» አላት። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ላይ ቶሎ አላነሳችም። መስታወቱን በጣቷ ቀስ አድርጋ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ገፋችው፣ መለሰችው። ከዚያ «መምህር፣ እነዚህም ግራና ቀኝ ተከፍለዋል» አለች። ንድፏን ከደብተሯ አውጥታ ከመስታወቱ አጠገብ ዘረጋችው። ባለሙያው ሁለቱን አስተያየና «ማን አሳየሽ?» አላት። ማንም አላሳያትም። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን ጊዜ አላስታውስም። «ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም» ያለው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሲመለስ ደብተሯን ተቀብሎ ንድፉን እየገለበጠ ነበር የሄደው።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሳምንታዊ ስብሰባችን ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነበር። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት አልተገናኘንም፤ መብራት በጠፋ ቀን ብየዳ አልነበረም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ የአባላት ቁጥር ቀንሷል። የሽቦዎቹን ጫፍ ከተጣለ ፕሪንተር በነቀልነው ጠፍጣፋ ገመድና ሶኬት ሰበሰብን። የሶኬቱ እግሮች በ1 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ናቸው፤ የእኛ መበየጃ ጫፉ ወፍራም በመሆኑ ሁለት እግር እየደረበ አስቸገረን። በዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይም የታችኛው ጥግ ሲነካ የሌላ ግንብ ስም ይወጣ ነበር። አግድሞቹና ቋሚዎቹ እዚያ ጎን ለጎን ስለሚወርዱ ጣቱን ሽቦዎቹ ራሳቸው ያነቡታል። በመካከላቸው ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመሩ) ጋር የተገናኘ ሽቦ ስናሳልፍ ተስተካከለ። አሁን የአፄ ፋሲል፣ የታላቁ ኢያሱና የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች ሲነኩ ስማቸው በትክክል ይወጣል። ሰሌዳው ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ነው፤ መጥታችሁ ንኩት።

«የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ አለላችሁ» ለሚሉን አንድ ነገር ልግለጽ፦ እሱ ብርሃን ከሥር አሳልፎ ስስ ናሙና ለማየት የተሠራ ነው፤ ሽቦና ብየዳ የሚታየው ከላይ በሚያበራ ማይክሮስኮፕ ነው። ለስፖርት ማሊያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ ደስ ይለናል፣ ልጆቻችን ናቸው። እነዚህም ልጆቻችን ናቸው። ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው አንድ እንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ እና የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥን ነው። ያረጀ ፕሪንተር፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ወይም የተቃጠለ ሞተር በቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ በርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ላኩልን።