አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የምትጫወቱበትን ቤት እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ወጣት ጊታሪስት ስለ ሙያው ያደረገውን ቆይታ አነበብኩ። ደስ የሚል ልጅ ነው። ሙያውን እንደሚወድ ያስታውቃል። አንድ ቦታ ላይ ግን እውነተኛ ኦቨርድራይቭ የሚወጣው ከቲዩብ አምፕ (አምፑል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ከሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) ብቻ እንደሆነና፣ ፔዳል የሚባለው በእግር የሚረገጥ የድምፅ መለወጫ ሳጥን ማስመሰያ እንደሆነ ይናገራል። ላልፈው ነበር። ያላለፍኩት፣ ከሦስት ቀን በኋላ የአንድ ተማሪዬ እናት ያንኑ ጋዜጣ አጥፈው ይዘው ቤቴ ስለመጡ ነው።

ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። እኔ ዘንድ ጊታር መማር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው የዝማሬ ቡድን ውስጥ ይጫወታል። እናቱ በዚያ ሰሞን ዕቁብ ወጥቶላቸዋል። «መምህር፣ ይሄ አምፕ ካልተገዛልኝ ጊታሬ አይሰማም ይለኛል። እጄ ላይ ያለው ይሄው ዕቁብ ነው። ልግዛለት?» አሉኝ። ቡናው እስኪፈላ ልመልስላቸው አሰብኩ። ሦስተኛው ተጠጥቶም አልጨረስንም። ለእሳቸው ያልኩትን ሌሎች ወላጆችና ጀማሪዎችም ቢሰሙት ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ኦቨርድራይቭ የምንለው በሮክና በብሉዝ ጊታር ውስጥ የምትሰሙት ያ ሻከር ያለ፣ የሚነድ፣ ቶሎ የማይሞት ድምፅ ነው። የሚፈጠረው አምፑ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ድምፅ ሲሰጠው ነው። እህል በቁና ሲሰፈር አስቡት። ተቆልሎ ይሞላል፤ ከዚያ ከአፉ በላይ ያለው ይጠረጋል። የድምፁም ሞገድ እንደዚያው ጫፉ ይደለደላል። ሲደለደል ጊታሩ ያልመታቸው ተጨማሪ ድምፆች ከውስጡ ይወለዳሉ። ጥሩ ቲዩብ አምፕ በእጅ እንደሚጠርግ ሰው ነው፤ ጠርዙን ለስለስ አድርጎ ያልፈዋል። ተራ ትራንዚስተር አምፕ ግን ከአቅሙ በላይ ሲሰጠው በቀጥተኛ እንጨት እንደተላገ ጥርት አድርጎ ይቆርጠዋል። ለጆሮ የሚሻክረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጋዜጣው ላይ የተናገረው ጊታሪስት እውነቱን ነው። ከፍ ብሎ የተከፈተ ቲዩብ አምፕ ፊት ቆሞ የተጫወተ ሰው ያንን ስሜት አይረሳውም። ክሩን በቀስታ ስትነካው ንጹህ ነው። ጠንከር ስታደርገው ይቆጣል። የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ስትቀንሰው ተመልሶ ይጠራል። እጅህን ይሰማል። እኔም እወደዋለሁ፤ ቤቴም አንድ አለ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከዚያው አምፕ ነው። ዘመዴ ከዋሺንግተን ሲመጣ ያመጣልኝ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። 22 ዋት፣ 19 ኪሎ የሚሆን ዕቃ። የተሠራው ለአሜሪካ መብራት፣ ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ስለዚህ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። እሱም ራሱን የቻለ ሸክም ነው። የመጀመሪያ ቀን ቤቴ ሳበራው ቮልዩሙ ከ2 ሳያልፍ ጎረቤት በር አንኳኳ። ይህ አምፕ ማስተር ቮልዩም የሚባለው፣ እሳቱን ሳያጠፋ ጩኸቱን ብቻ የሚቀንስ ቁልፍ የለውም። መንደድ የሚጀምረው 4 እና 5 አካባቢ ሲደርስ ነው። ያኔ ደግሞ ከበሮ ያስንቃል።

ከዚያ አንድ ሆቴል ሠርግ ነበረን። የሆቴሉን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ደስ ብሎኝ ተሸክሜው ሄድኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ 5 ላይ አደረግኩትና ሶሎ ገባሁ። ድምፁ እንደ ሕልሜ ነበር። ቀና ስል ከፊት ጠረጴዛ የተቀመጡት የሙሽሪት አያት በነጠላቸው ጆሯቸውን ይዘዋል። ዘፋኛችን ዞር ብሎ አየኝ፤ የራሱን ድምፅ መስማት አቅቶታል። የአዳራሹ ኃላፊ መድረኩ ሥር መጥቶ መዳፉን ወደ ታች ያርገበግባል። ቀነስኩት። 2 ላይ መለስኩት። ያ ሁሉ እሳት ጠፋ፤ ንጹህና ቀዝቃዛ ድምፅ ብቻ ቀረ። 19 ኪሎ የተሸከምኩለት ነገር አዳራሹ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ሰው «እንግዲያው ዋቱ አነስ ያለ ይግዛ» ይላል። ይህም ብዙዎችን ያሳስታል። የ50 ዋት አምፕ የ100ውን ግማሽ አይደለም የሚጮኸው። ልዩነታቸው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በደንብ ካላዳመጠ ብዙም አይለየውም። ድምፁ ለጆሮ በግማሽ እንዲቀንስ ዋቱ ወደ አንድ አሥረኛ መውረድ አለበት። 5 ዋት ቲዩብ አምፕ እንኳ ሙሉ ተከፍቶ በሳሪስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አያስቀምጥም።

በዚያው የሠርግ ምሽት መብራት ሄደ። ጄኔሬተር ሲነሣ የአምፑ ፊውዝ ተቃጠለ። መለዋወጫ አልያዝኩም። ፔዳሌን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ፣ የአዳራሹ ድምፅ ሁሉ ወደሚቀላቀልበት ሰሌዳ፣ ሰክቼ ቀጠልኩ። የወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው ፔዳል ቢጠላ አልፈርድበትም። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በፔዳሉ አሳበብኩ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የጎደለው ስፒከሩ ነበር። የጊታር አምፕ ውስጥ ያለው ስፒከር እንደ ሙዚቃ ማጫወቻ ስፒከር ሁሉንም ድምፅ አያወጣም። ከ5 ሺህ ኸርዝ (በሰከንድ 5 ሺህ ንዝረት) አካባቢ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በአብዛኛው ይውጠዋል። ኦቨርድራይቭ ደግሞ የሚያመርተው ብዙ ቀጭን ድምፅ ነው። በጊታር ስፒከር ሲያልፍ ክፉው ተጣርቶ ይቀራል። በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስትሰካው ግን ሳይጣራ በትልልቆቹ የአዳራሽ ስፒከሮች ይወጣል። የዚያን ምሽት ያዳነኝ ሳውንድ ማናችን ነው። ምንም ሳይለኝ በኔ መስመር ላይ ያለውን የላይኛውን ድምፅ ቆረጠው። ንቡ ጠፋ። ጊታር መሰለ።

ይህንን የምዘረዝረው በከተማችን ብዙ ጊታሪስት በቀጥታ ወደ ሚክሰር ስለሚሰካ ነው። ሆቴሉም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የምሽት ክለቡም። ብዙ ቦታ አምፕ የለም። ካለም ድምፁ ንጹህ የሆነ የትራንዚስተር አምፕ ነው። ጀማሪው ልጅ ፔዳሉን በዚህ መንገድ ሰክቶ ንብ ይሰማል፤ «ፔዳል አይረባም፣ ቲዩብ አምፕ ልግዛ» ይላል። ያለው ችግር በስፒከር ማስመሰያ መሣሪያ ይፈታል። እንደ ጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ የሚያጣራ፣ በእግር የሚረገጥ አነስተኛ ሳጥን ነው። አሁን ብዙ መልቲ ኢፌክቶች (ብዙ ፔዳሎችን በአንድ ያቀፉ መሣሪያዎች) ውስጥም አለ። እሱ ባይኖር እንኳ ሳውንድ ማኑን በትሕትና «ወንድሜ፣ የላዩን ቀንስልኝ» ማለት በነጻ ነው።

ፔዳል ማስመሰያ ነው የሚለው ላይም ልመለስ። ቦስ የተባለው ኩባንያ ኦዲ ዋን የተባለውን ኦቨርድራይቭ ፔዳል ያወጣው በ1977 ነው፤ የአይባኔዙ ቲዩብ ስክሪመር ትንሽ ቆይቶ መጣ። ስሙ ቲዩብ ይበል እንጂ ውስጡ አንድም ቲዩብ የለም። አንድ ቺፕና ጫፉን የሚደለድሉ ትንንሽ ዳዮዶች ናቸው፤ በ9 ቮልት ይሠራል። ወፍራሙን ድምፅ አስቀድሞ ይቀንሳል፤ መካከለኛውን ያጎላል። ብቻህን ክፍልህ ውስጥ ስትሞክረው የታፈነ ሊመስልህ ይችላል። ባንድ ውስጥ ስትገባ ግን ቤዝ ከታች ቦታውን ይዞ፣ ኪቦርዱ ግራ ቀኙን ሞልቶ፣ ጊታሩ የሚተነፍስባት ቀዳዳ ያቺ መካከለኛዋ ናት። ፔዳሉ እዚያው ያስቀምጥሃል።

አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮንን የሚያደንቁ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። እሱ ቲዩብ ስክሪመሩን ከፍ ብለው በተከፈቱ የፌንደር አምፖች ፊት ያስቀምጥ ነበር። አንዱን ጥሎ ሌላውን አልመረጠም። ፔዳሉ ገፊ ነው፤ አምፑ ተገፊ። እኔም አሁን እንዲሁ ነው የማደርገው። አምፕ ያለበት ቤት ስሄድ የፔዳሉን ድራይቭ (የሻካራነቱን ቁልፍ) ከሩብ በታች፣ ሌቭሉን (የድምፅ መጠኑን ቁልፍ) ከግማሽ በላይ አደርገዋለሁ። ጀማሪ ልጅ ግን ሁልጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ድራይቩን እስከ ጥግ ያዞረዋል። ከዚያ ምን እንደመታ አይሰማም። ስህተቱም ይደበቅለታል፤ ለዚህም ይመስለኛል የሚወዱት።

ስለ እኛ ዜማ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት እሱ ነው። በንጹህ ጊታር ትዝታ ስትጫወት ድምፁ ቶሎ ይሞትብሃል። ማሲንቆ ግን ቀስቱ እስካለ ድረስ ድምፁን ይዞ ያለቅሳል። ኦቨርድራይቭ ለጊታር የሚሰጠው ይህንን ነው። ክሩ እየደከመ ሲሄድ እንኳ የተደለደለው ጫፍ ቁመቱ ቶሎ አይወርድም፤ ድምፁ ተይዞ ይቆያል። ጣትህን ክሩ ላይ እያሸህ የማሲንቆውን እንጉርጉሮ ማውጣት ትችላለህ። ለዚህ ትንሽ ድራይቭ ይበቃል።

ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ስትመታ ግን ተጠንቀቅ። ሳይያዝ የሚመታው አምስተኛው ክር፣ ኤ የሚባለው ድምፅ፣ 110 ኸርዝ ነው። ከሱ ጋር የሚሄደው ኢ 165 አካባቢ ነው። ኦቨርድራይቭ ውስጥ ሲገቡ ልዩነታቸው፣ 55፣ ራሱን የቻለ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። 55 ያው ኤ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ስለዚህ ይወፍራል፣ ያምራል። የሮክ ጊታሪስቶች እነዚህን ሁለት ድምፆች የሚወዱት ለዚህ ነው። አንቺሆዬን ውሰድ ደግሞ። ከሲ ብትጀምር ሲና ዲ ፍላት፣ ኤፍና ጂ ፍላት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እነዚህን በኦቨርድራይቭ አንድ ላይ ብትመታቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቆሽሻሉ። አንድ በአንድ ካወጣሃቸው ግን ያንን የአንቺሆዬ ስብራት በሚያስገርም ሁኔታ ያጎላሉ። ይህንን ለተማሪዎቼ በየሳምንቱ እነግራለሁ። ከአምፕም ከፔዳልም የማይገዛ ስለሆነ ማንም ቪዲዮ ላይ አይነግራቸውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቲዩብ አምፕ ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፣ ስቱዲዮ ላለው ሰው። ድምፅ የማያስወጣ ክፍል ካለህና ማይክራፎን ፊቱ አስቀምጠህ የምትቀዳ ከሆነ ግዛ፤ አትቆጭም። ሲበላሽ የሚጠግንልህ ሰው ግን አስቀድመህ ፈልግ። ቲዩብ እንደ አምፑል ያረጃል፣ ይለወጣል። ውስጡ ያለው ቮልት ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው ሊገድል ስለሚችል በዊንዲቨር የሚነካካ ነገር አይደለም።

ለልጁ እናት ያልኳቸው ይኸው ነው። የሚጫወትበት ቤተ ክርስቲያን አምፕ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው የሚሰካው። አምፕ ቢገዙለት መድረኩ ላይ ከ2 በላይ አይከፍቱለትም። አንድ ኦቨርድራይቭ ፔዳልና አንድ የስፒከር ማስመሰያ፣ ሁለቱም ያገለገሉ ቢሆኑ ይበቁታል። እናቱ ዝም ብለው ሰሙኝና «እሱ ግን ያዝንብኛል» አሉ። ላኩልኝ አልኳቸው።

ቅዳሜ መጣ። የኔን ዴሉክስ በርቶ እንዲሞክረው ሰጠሁት። ጎረቤቶቼን አስፈቅጄ ለአሥር ደቂቃ 5 ላይ አደረግንለት። ፊቱ በራ። ከዚያ 2 ላይ መልሼ ፔዳሉን ከፊቱ አስገባሁና ያንኑ የትዝታ መስመር እንዲደግመው ነገርኩት። ተጫወተ። ቆም አለና «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ረዘመች» አለኝ፤ ድምፁ እጁ ላይ መቆየቱን ማለቱ ነው። ፔዳሉን አዋስኩት። እሁድ ሳውንድ ማናቸው የላዩን እንዲቆርጥለት ነግሬዋለሁ።

ያገለገለ ፔዳል አሁን አግኝተንለታል። የቀረን ለፔዳሉ መብራት የሚሰጠው አዳፕተር ነው። የያዝነው ርካሽ ስለሆነ፣ ልጁ ሳይጫወትም አዳፕተሩ በስፒከሩ እም... እያለ ያጉተመትማል። በዚህ ቅዳሜ ሌላ እንሞክርለታለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጊታር ተጫዋችና አስተማሪ
ሳሪስ፣ አዲስ አበባ