ለአንድ ወር አንድ ግድግዳ ይፍቀዱልኝ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ኃላፊ
ጎንደር

የተከበሩ ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሰዓሊ ነኝ። ፒያሳ ካሉት ግድግዳዎች አንዱን ለአንድ ወር እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። አይስጉ፣ የፋሲልን ግቢ አጥር አልነካም።

የምስለው የሥራ ማስታወቂያ ነው። እዚሁ በየመብራት ፖሉ የሚለጠፈውን። «ካሸር፤ ጾታ ሴት፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 25፤ ቁመናዋ ያማረ፤ ያላገባች።» ብር ለመቁጠር ቁመና ምን ያደርጋል? ለሹፌርና ለጥበቃ ደግሞ «ጾታ ወንድ» ይላል። ለምደነው እናልፈዋለን። ከነኮላው፣ ከነተቀደደው ጠርዙ አተልቄ ስስለው ግን ሰው ቆም ብሎ ያየዋል።

ከጎኑ ሕጉን እጽፋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር፣ በጾታና በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አንቀጽ 87 ሴት በጾታዋ እንዳትገለል ያዛል። የወሊድ ፈቃዱም ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90። «ወልዳ ትተኛብናለች» የሚሉ አሠሪዎች ይህንንም ያንብቡት።

ወረቀት ላይ የማይጻፈው ይብሳል። «የማን ልጅ ነሽ? ትውልድሽ የት ነው?» ይባላል። አያት ስም ላይ ሲደረስ ብሔር ተገምቶ ያልቃል። ለነገሩ ሸክላ ሠሪውንና አንጥረኛውን «ቡዳ» ብለን የገፋን ሰዎች ነን። ዛሬ ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ መንደር ለሚመጣ እንግዳ ያንኑ ሸክላ እንሸጣለን።

ይህን በሥዕል ማሳየት ስለሚከብድ አጭር ድራማ አስቤያለሁ። አሜሪካ ውስጥ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ፣ ማንነቱ እንዳይታይ ተወዳዳሪውን ከመጋረጃ ጀርባ ያጫውቱ ጀመር። አንዳንዶቹ የሴት ጫማ ኮቴ እንዳይሰማ ምንጣፍ ሁሉ አንጥፈዋል። እኛም ተዋናዮቹን መጋረጃ ጀርባ እናድርግና ተመልካቹ መልሳቸውን ብቻ ሰምቶ ይቅጠር። መጋረጃው ሲገለጥ ማንን እንደቀጠረ ይየው።

አድልዎን በጥበብ የማጋለጡ ሐሳብ ከእኔ አልተጀመረም። ኒውዮርክ ውስጥ ገሪላ ገርልስ የተባሉ ሴት አርቲስቶች ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጎሪላ ጭንብል አጥልቀው፣ ሙዚየሞችና ጋለሪዎች ሴቶችንና ጥቁር አርቲስቶችን እንዴት እንደሚዘሉ እየቆጠሩ በፖስተር ያጋልጣሉ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) አንዱ ፖስተራቸው ተቀባይነት አጥቶ ሲመለስባቸው የከተማ አውቶቡስ ላይ የማስታወቂያ ቦታ ተከራይተው ለጠፉት።

እርስዎ ጋ እንዲህ እንደማይሆን ተስፋ አለኝ። ከሆነም ባጃጅ አለ፤ ጀርባው ላይ ጥቅስ የማይለጥፍ ሹፌር የለም። እኔ ግን ግድግዳውን እመርጣለሁ፤ የሚሮጥ ባጃጅ ላይ አንቀጽ አይነበብም። የሥራና ሥልጠና መምሪያም አብሮን ቢቆም ደስ ይለኛል።

ንድፎቹን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ሰዓሊ